ከአሜሪካ የተላከ ስልክ ሲም አልቀበል አለ፤ ብሩ የኛ፣ ቁልፉ ግን በሰው እጅ

ጎፋ_ሰፈር፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡልኝና የምታውቁ ምከሩኝ። እህቴ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፣ ለእማዬ ብላ አይፎን 13 ገዝታ በሰው ላከችልን። እቃው አዲስ ነው፣ ካርቶኑ እንኳን አልተከፈተም። እማዬ አይኗ ደከም ስላለ ፊደሉን ትልቅ አድርጋ የልጅ ልጆቿን በቪዲዮ እንድታያቸው ነበር ሀሳቡ። ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ሁላችንም ባለንበት ከፈትነው፣ የእማዬን ሲም ከድሮው ስልኳ አውጥቼ ከተትኩ፣ ቋንቋ አገር ዋይፋይ ምናምን መረጥኩ፣ ከዛ ስክሪኑ ላይ "ሲም ኖት ሰፖርትድ" ብሎ ቆመ። ወደፊትም የለም ወደኋላም የለም። ሲሙን አውጥቼ በሸሚዜ ጠርጌ መለስኩት፣ የራሴን ሞከርኩ፣ የወንድሜን የሳፋሪኮም ሲም ሞከርን፣ ያው ነው። እማዬ "ተበላሽቶ ነው እንዴ የመጣው?" ትለኛለች፣ ምን ልበላት።

እህቴ የሸጠላት የስልክ ኩባንያ ጋር ደወለች። የመለሱላት ነገር ነው ያናደደኝ። ስልኩ የሚከፈተው በነሱ ኔትወርክ ላይ 60 ቀን ሲሰራ ከቆየ በኋላ ነው አሏት። ስልኩ ጎፋ ነው ያለው፣ የነሱ ኔትወርክ ቨርጂኒያ ነው፣ 60 ቀኑ መቼ ሊጀምር ነው? ሙሉ ዋጋውን ከፍላለች፣ ዱቤ የለባትም፣ ደረሰኙ እጇ ላይ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፣ አንደኛ መፍትሄ ካለ፣ ሁለተኛ ደሞ ሙሉ ገንዘብ ከፍለሽ የወሰድሽው እቃ ለመስራት የሻጩን ፈቃድ የሚጠብቅ ከሆነ ገዛሁት ይባላል ወይ?

ጠጋኙ_መገናኛ፦
እህቴ አይዞሽ ስልኩ አልተበላሸም። እንዲህ አይነት በየሳምንቱ ይመጣልኛል፣ በተለይ በዓል ሲደርስና ክረምት ላይ ዲያስፖራ ሲገባ። ሰው ዝም ብሎ "ሎክ ነው" ይላል ግን ሎክ የሚባለው አንድ ነገር አይደለም። ያንቺ የኔትወርክ ሎክ ነው፣ ማለት የሻጩን ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ነው የተሸጠው። ሌላው የአካውንት ሎክ ነው፣ የድሮ ባለቤቱ አይክላውዱን፣ ማለት የአፕል አካውንቱን፣ ሳያወጣ የሸጠው ወይም የተሰረቀ ስልክ፣ እሱ ሲበራ የሰው ኢሜይል ጫፉን ብቻ አሳይቶ ፓስወርድ ይጠይቅሻል። ከዛ ደሞ አይኤምኢአዩ፣ ማለት የስልኩ መለያ ቁጥር፣ ጥቁር መዝገብ ውስጥ የገባ አለ፣ ክፍያው ያላለቀ ወይም ጠፍቷል ተብሎ የተመዘገበ። ያንቺ የመጀመሪያው ስለሆነ ተስፋ አለው። ካርቶኑ ጀርባ ላይ ይሄው 15 ዲጂት መለያ ቁጥር አለ፣ እሱን ፎቶ አንስተሽ ለእህትሽ ላኪላት፣ ሲደውሉ የሚጠይቋት እሱን ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። "በሁለት ቀን እከፍትልሻለሁ ቅድሚያ ክፈይ" ለሚል ሰው እንዳትሰጪ። ከሲሙ ጋር ተደርባ የምትገባ ስስ ቺፕ አለች፣ ለጊዜው ስልኩን ታታልለዋለች፣ አፕዴት ሲመጣ ግን ተመልሶ ይዘጋል፣ ያኔ ሰውየው ስልክ አያነሳም። እኔ በዚህ ስራ 11 አመቴ ነው፣ ቦርድ ላይ የማልበይደው ነገር የለም፣ ይሄ ግን በብየዳ የሚፈታ አይደለም። ስልኩ መጀመሪያ ሲከፈት የአፕልን ሰርቨር ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ በሻጩ ኩባንያ ትእዛዝ "አትፍቀድ" ካለ አለቀ። ቁልፉ ያለው እዛ ነው።

አቃቂ_24፦
ሰላም። ብዙ ሰው እንደማይወደው አውቃለሁ ግን እኔ ኩባንያው ላይ ብቻ መፍረድ አልችልም። እነዚህ ስልኮች ለምንድነው ከሌላ ቦታ ረክሰው የሚሸጡት? ኩባንያው ከኪሱ ጨምሮ ነው፣ ደንበኛው ቢያንስ የተወሰነ ጊዜ ይቆይልኛል ብሎ። ዋጋው ሲቀንስ ደስ ብሎን ገዝተን ሎኩ ሲመጣ ግፍ ነው ማለት ልክ አይመስለኝም። ውል ነው፣ ባታነቢውም ውል ነው።

ደሞ ሎክ ባይኖር ይሄ ከተማ ላይ ስልክ ይዞ መሄድ አይቻልም ነበር። የኔን ሳሪስ ታክሲ ስጠብቅ ከእጄ ነጥቀውኝ ሮጡ፣ ከሶስት ቀን በኋላ አንድ ልጅ አግኝቼዋለሁ ብሎ ደወለ። ያገኘው አስፋልት ዳር ተጥሎ ነው። ለምን ጣሉት? ስለማይከፈትላቸው ነዋ። እና ሎክ በጅምላ መጥፎ ነው የሚለውን አልቀበልም።

ጎፋ_ሰፈር፦
@አቃቂ_24 ወንድሜ ስልክህ መገኘቱ ደስ ይላል፣ ግን ያንተ ሎክና የኔ ሎክ አንድ ነው? ያንተን ማን ነው መክፈት የሚችለው? አንተ። ፓስወርዱ ያንተ ነው። የእማዬን ስልክ መክፈት የሚችለው ማን ነው? ሸጦ ገንዘቡን የተቀበለ ሰው። እኔ ቤቴን ቆልፌ ብወጣ ደስ ይለኛል፣ የሸጠልኝ ሰው ቁልፉን ይዞ ቀርቶ "በሬ ላይ 60 ቀን ቁመሽ ስታበቂ እከፍትልሻለሁ" ቢለኝ ግን ቤት ገዛሁ አልልም።

ለንደን_ነኝ፦
እዚህ እንግሊዝ ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ የስልክ ኩባንያዎች የተቆለፈ ስልክ መሸጥ ተከልክለዋል። ካናዳ ደሞ ከዛም በፊት ነው፣ ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ አዲስ ስልክ ሁሉ ክፍት ሆኖ ነው የሚሸጠው፣ የድሮውንም ያለክፍያ ይከፍታሉ። ኩባንያዎቹ አልከሰሩም፣ ስልክም አልጠፋም። ስለዚህ "ያለ ሎክ መሸጥ አይቻልም" የሚባለው እውነት አይደለም፣ ሲታዘዙ ይችላሉ።

ዲሲ_አካባቢ፦
ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፣ ይሄን ጉዳይ በራሴ ደርሶብኝ በደንብ አንብቤበታለሁ፣ ላስረዳ።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የኮፒራይት ህግ አለ፣ ዲጂታል ቁልፍ መስበር ይከለክላል። የተሰራው ለሙዚቃና ለፊልም ነው ግን ስልክ ውስጥም ሶፍትዌር ስላለ ስልክህን መክፈት በዚህ ስር ገባ። በየሶስት አመቱ የኮንግረሱ ቤተመጻሕፍት ኃላፊ ከህጉ ውጪ የሚሆኑትን ይወስናል፣ አስቡት የስልካችንን ነገር የሚወስነው የቤተመጻሕፍት ኃላፊ ነው። ስልክ መክፈት ለተወሰኑ አመታት ተፈቅዶ ነበር፣ ከዛ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረና ከጃንዋሪ 26 2013 በኋላ የተገዛ ስልክ ያለ ኩባንያው ፈቃድ መክፈት ህገወጥ ሆነ። ሰው ተቆጣ፣ ከ114 ሺህ በላይ ሰው ለዋይት ሀውስ ፊርማ አስገባ፣ በመጨረሻ ኦገስት 1 2014 ኦባማ መክፈትን የሚፈቅደውን ህግ ፈረመ።

አሁን ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያ ህግ አንተ ብትከፍት አትከሰስም አለ እንጂ ኩባንያው ይክፈትልህ ብሎ አላስገደደም። ቁልፉ ደሞ በነሱ እጅ ስለሆነ "መክፈት ትችላለህ" መባል ብቻውን ምን ይጠቅማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ደንብ ያወጣል፣ አንዱ 60 ቀን ይላል፣ ሌላው ከዛ በላይ፣ ቅድመ ክፍያና ኮንትራት ይለያያል። የጎፋዋ እህታችን የወደቀችው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

መፍትሄውን ልንገርሽ። እህትሽ ደንበኛ አገልግሎት ደውላ አትድከም፣ የሚያነሱት ልጆች ስክሪናቸው ላይ ያለውን ነው የሚያነቡት። ኤፍሲሲ የሚባለው የፌደራል የኮሙኒኬሽን መስሪያ ቤት ዌብሳይት ላይ ቅሬታ ታስገባ፣ ክፍያ የለውም፣ ጠበቃ አያስፈልግም። ቅሬታው ለኩባንያው ሲደርሰው በ30 ቀን ውስጥ በጽሁፍ መልስ መስጠት አለበት። ያኔ ጉዳዩን የሚያየው ሌላ ክፍል ነው፣ የመወሰን ስልጣን ያለው ሰው። ደረሰኙን፣ 15 ዲጂቱን ቁጥር፣ ስልኩ ለእናቷ ኢትዮጵያ እንደተላከ፣ ሙሉ እንደተከፈለ፣ በአጭሩ ትጻፍ። ማልቀስ ማማረር አያስፈልግም፣ ቀንና ቁጥር ብቻ።

ጎፋ_ሰፈር፦
እግዜር ይስጥህ፣ አሁኑኑ ልኬላታለሁ። እዛ ሌሊት ነው ስትነሳ ታየዋለች።

ነፃ_ፊደል፦
ሁለተኛው ጥያቄሽ "ገዛሁት ይባላል ወይ" የሚለው ብዙ ሰው አልፎት ሄዷል፣ እኔ ግን ዋናው እሱ ነው እላለሁ። ኮሌጅ አስተማሪ ነኝ፣ ኮምፒውተር ነው የማስተምረው፣ በየአመቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ የአንድ ፕሪንተር ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ሰው ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ይሰራ ነበር። የድሮው ፕሪንተራቸው ወረቀት እየያዘ ያስቸግራል፣ እሱና ጓደኞቹ ሶፍትዌሩን ስለሚያገኙት አስተካክለው ወረቀት ሲይዝ ለሚጠብቀው ሰው መልእክት እንዲልክ አደረጉት። ከዛ ከዜሮክስ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር መጣ፣ ፈጣን ነው ጥሩ ነው ግን እሱም ወረቀት ይይዛል። ሶፍትዌሩ ደሞ የማይነበብ ሆኖ ነው የመጣው። ኮዱ አለው የተባለ ሰው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አገኘና ስጠኝ አለው፣ ሰውየው ላለመስጠት ፈርሜያለሁ ብሎ እምቢ አለው። ማስተካከል የሚችል ሰው እጁን አጣጥፎ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ እንዲያይ ተደረገ። በ1983 ጂኤንዩ የሚባለውን የነፃ ሶፍትዌር ስራ ሲጀምር አንዱ ምክንያት ያ ቁጭት ነው። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ ከርነሉን፣ ማለት የሲስተሙን እምብርት፣ ሰራ፣ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ዛሬ ሊኑክስ የምንለው ሆነ። እጃችሁ ላይ ያለው አንድሮይድ ራሱ ከስሩ የሊኑክስ ከርነል ነው።

የነፃ ሶፍትዌር ሰዎች የሚሉት ነፃነት አራት ነው፣ ፕሮግራሙን ለፈለግከው ስራ ማስኬድ፣ ውስጡን አይቶ ማስተካከል፣ ለጎረቤት ማካፈል፣ ያስተካከልከውንም ማካፈል። በኛ ቋንቋ "ነፃ" ስንል ሁለት ነገር ይቀላቀልብናል፣ ተማሪዎቼም "በነፃ ነው?" ነው የሚሉኝ። ዋጋ አይደለም ጉዳዩ፣ ነፃነት ነው። መርካቶ ገብተህ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ብታስጭን ብር አላወጣህም፣ ግን ነፃ አልወጣህም፣ ነገ አፕዴት ሲመጣ ጥቁር ስክሪን ይዘህ እዛው ሰውዬ ጋ ነው የምትመለሰው።

አቃቂ_24፦
@ነፃ_ፊደል መምህር አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ ለእናንተ ለባለሙያዎች ነው። እናቴ ኮድ አታነብም፣ እኔም አላነብም። ኮዱ ክፍት ሆነ አልሆነ ለኛ ምን ያመጣል? የኛ ሰው የሚፈልገው የሚሰራ እቃ ነው።

ነፃ_ፊደል፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም የመኪና ሞተር አልፈታም። ግን ጋራዥ የምመርጠው እኔ ነኝ፣ ኮፈኑ ቢበየድና "የሸጠህ ድርጅት ብቻ ነው መክፈት የሚችለው፣ እሱ ደሞ አገርህ ውስጥ ቢሮ የለውም" ብባል መኪናውን አልገዛም። ኮድ የማታነበው እናትህ የሚጠቀሙት ሌላ ሰው አይቶ ማስተካከል ስለሚችል ነው።

ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልስጥህ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 2025 አብቅቷል ብሏል። ዊንዶውስ 11 ደሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና ከተወሰነ አመት በኋላ የተሰራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። እኛ ላብ ውስጥ 24 ዴስክቶፕ አለ፣ 19ኙ አያሟሉም። በልገሳ የመጡ ናቸው፣ ይሰራሉ፣ ልጆቹ ይማሩባቸዋል፣ አሁን ባለው የዶላር ዋጋ 19 ኮምፒውተር የሚገዛልን የለም። ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ አይነት ጫንባቸው፣ ከሁለት ተማሪዎች ጋር ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። የአማርኛ ኪቦርዱ ከሲስተሙ ጋር ይመጣል፣ ሊብሬኦፊስ የሚባለው የቢሮ ፕሮግራም ይመጣል፣ አቢሲኒካ የሚባለው ፊደል እንኳን በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ ነው። ችግር አልነበረም አልልም፣ የአንዱ ክፍል ፕሪንተር እስካሁን አስቸግሮናል፣ የሂሳብ ክፍሉ ሶፍትዌር ስለማይሰራበት እሱ ዊንዶውስ ላይ ቀርቷል። ግን 19ኙ ኮምፒውተር መጋዘን አልገባም።

ጠጋኙ_መገናኛ፦
መምህር ስለ ኮፈኑ ያሉት ልቤን ነካው። እኔ የምሰራው እሱ ላይ ነው። ባለፈው ወር አንዲት ነርስ ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ይዛ መጣች፣ የታወቀ ብራንድ ነው ስሙ ይቆይ። ቦርዱ የሞተ የዛው ሞዴል ስልክ ነበረኝ፣ ስክሪኑ ደህና ነው፣ ኦርጅናል ነው፣ ከፋብሪካው የወጣ። ፈትቼ ቀየርኩላት። ሲበራ "ይሄ ስክሪን ትክክለኛ መሆኑን ማረጋገጥ አልተቻለም" የሚል መጣ፣ የብርሃን ማስተካከያውም ጠፋ። እቃው ትክክለኛ ነው እኮ! ስልኩ ግን የስክሪኑን ሲሪያል ቁጥር ከቦርዱ ጋር ያያይዘዋል፣ የሚያስታርቃቸው የኩባንያው ሶፍትዌር ነው፣ እሱ ደሞ መገናኛ አይገኝም። ልጅቷ "ፎርጅድ ነው የገጠምክልኝ" አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ትክክለኛ መሆኑን የማሳይበት መንገድ የለኝም፣ የሰራሁበትን ግማሽ መለስኩላት። በሙያዬ ያፈርኩት ያን ቀን ነው፣ ያውም ባላጠፋሁት።

ኦሪገን የሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት በ2024 ይሄን እቃ ከእቃ ማቆራኘት የሚከለክል ህግ አውጥቷል፣ ከ2025 መጀመሪያ በኋላ ለተሰሩ ስልኮች ነው። አውሮፓም ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ መቀየር እንዲችል እያስገደደ ነው። እነዚህ ህጎች እዛ ቢወጡም ፋብሪካው ለአንድ አገር ብቻ ለይቶ መስራት ስለማይመቸው ለኛም ይደርሰናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ቻርጀሩ ሁሉ ታይፕ ሲ እንደሆነው።

ዲሲ_አካባቢ፦
ስልክ ብቻ አይደለም፣ መጽሐፍም እንደዛው ነው። በ2009 አማዞን ሰው ገዝቶ ኪንድሉ፣ ማለት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያው፣ ውስጥ ያስቀመጣቸውን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት ሰው ተኝቶ እያለ ከርቀት አጠፋቸው። ያሳተመው ድርጅት መብቱ አልነበረውም ብለው ነው፣ ገንዘቡንም መልሰዋል። ግን አስቡት፣ መጽሐፍ መሸጫ ያለው ሰው የተሸጠው መጽሐፍ የሌላ ሰው ነው ቢባል እንኳን ሌሊት ቤትህ ገብቶ ከመደርደሪያህ ያወጣዋል? አንድ ተማሪ ለትምህርት ቤት ስራ የጻፋቸው ማስታወሻዎች አብረው ከጥቅም ውጪ ሆኑበት። የአማዞን መስራች ቤዞስ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታው ጥሩ ነው፣ ማጥፋት የሚያስችለው መንገድ መኖሩ ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ተማሪ_ባህርዳር፦
እኔም የራሴን ልጨምር። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ 4ኛ አመት ነኝ። ለፍሬሽማን ተማሪዎች የድሮ ፈተናዎችን ያለ ኢንተርኔት የሚያሰራ አፕ ሰርቻለሁ፣ ኤፒኬውን፣ ማለት የአፑን መጫኛ ፋይል፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቅቄ ተማሪው እርስ በርሱ ዜንደር በሚባለው ፋይል ማላላኪያ ይላላካል። ፕሌይ ስቶር ላይ ለማውጣት መመዝገቢያው 25 ዶላር ነው፣ ብሩን ባገኘው እንኳን የባንክ ካርዴ ዶላር አይከፍልም፣ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ተመልሷል። አሁን ደሞ ጎግል በኦገስት 2025 ከፕሌይ ስቶር ውጪ የሚጫን አፕም ቢሆን ሰሪው ማንነቱን ካላስመዘገበ አንድሮይድ ስልክ ላይ አይጫንም ብሎ አስታወቀ። ከሴፕቴምበር 2026 ብራዚል፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሲንጋፖርና ታይላንድ ላይ ይጀመራል፣ ከ2027 ወደ ሌላው አገር። ኤፍድሮይድ የሚባለው የነፃ አፖች ማከማቻ እኛን ይዘጋናል ብሎ ጮኋል። ጎግል በኋላ ለተማሪና ልምድ ላለው ተጠቃሚ መንገድ እንተዋለን ብሏል፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ግን ስልኩ የገዛው ሰው ነው አይደል? ምን እንደሚጭን ለምን ካሊፎርኒያ ያለው ጎግል ይጠየቃል?

አቃቂ_24፦
ወንድሜ ያንተ አፕ ጥሩ ነው በርታ። ግን ይሄን ልንገርህ። አክስቴን "የባንክ አዲስ አፕ ነው" ብለው በቴሌግራም ኤፒኬ ላኩላት፣ ጫነችው፣ ፒኗን አስገባች፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ለልጇ ሰርግ ያጠራቀመችው ወጣ። ይሄን ያየ ሰው "ማንም የፈለገውን ይጫን" ሲባል ይከብደዋል። እኔ ከኩባንያ ጎን የቆምኩ አይደለሁም፣ አክስቴን አይቼ ነው።

ተማሪ_ባህርዳር፦
በጣም ነው የማዝነው። እውነትህን ነው ይሄ ችግር አለ። እኔ የምለው ማስጠንቀቂያው ይኑር፣ ለአክስትህ ስልክ ልጇ ወይ አንተ "ካልታወቀ ቦታ አይጫን" ብላችሁ ቆልፉት። ሴቲንግ ውስጥ አለ። ያ የናንተ ቁልፍ ነው። ለሁላችንም ከሩቅ ሲቆለፍ ግን ሌባውም ባህርዳር ያለሁት እኔም እኩል ውጪ ቀረን፣ ሌባው ደሞ የሰው መታወቂያ ገዝቶ ሊመዘገብ ይችላል፣ እኔ ነኝ 25 ዶላር የሌለኝ።

አቃቂ_24፦
ልጇ እንዲቆልፍላት ነግሬዋለሁ፣ ዛሬ ማታ ይሄዳል። በሌላው ግን አሁንም አልተስማማንም።

የእድሩ_ጸሐፊ፦
ልጆች፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ጨዋታችሁን ሳነብ ቆይቼ የኔም ችግር ከዚሁ የሚገባ መስሎ ታየኝ። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብና የመስራቾቹ ዝርዝር በ1989 ዓ.ም. ፒያሳ በኮምፒውተር አስተይበን በፍሎፒ አስቀመጥነው። ኋላ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ አዛወርነው። የታተመው ወረቀት በ98 ክረምት ጎርፍ ቢሮው ሲገባ ረጠበ። ፋይሉ ግን አለ ብለን አልደነገጥንም። አሁን ልጄ ላፕቶፕ ላይ ስንከፍተው አማርኛው የለም፣ የፈረንጅ ፊደልና ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ ነጠላ ሰረዝ የተበተነበት ነው። ፊደሉን የሰራው ድርጅት ከስሞ ነው መሰለኝ የሚያነሳ የለም። 212 አባወራ ስም ነው ውስጡ ያለው፣ ግማሾቹ አርፈዋል። ለዚህ ስራ ገንዘብ ከፍለናል፣ ፋይሉም በእጃችን ነው፣ ማንበብ ግን አልቻልንም።

ነፃ_ፊደል፦
ጋሼ እንዴት አሉ። ይሄማ የኛው የራሳችን ታሪክ ነው፣ አይዘኑ ፋይሉ አልጠፋም።

የሆነው እንዲህ ነው። ያኔ ኮምፒውተር ለአንድ ፎንት፣ ማለት ለአንድ የፊደል ስብስብ፣ የሚሰጠው ቦታ 256 ብቻ ነበር፣ የኛ ደሞ 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱ የፊደል ሰሪ በፈረንጁ ፊደል ቦታ ላይ የኛን ስዕል አስቀመጠ፣ ያልበቃውን ሁለተኛ ፎንት ውስጥ አደረገ። "ሀ" አንዱ ጋ አንድ ቦታ ነው፣ ሌላው ጋ ሌላ ቦታ። ኮምፒውተሩ አማርኛ እንደሆነ አያውቅም፣ የፈረንጅ ፊደል ነው ብሎ ነው ያስቀመጠው፣ ፎንቱ ሲነሳ እርቃኑን ቀረ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የአለም ፊደላት የጋራ ቁጥር መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ከዛ ወዲህ "ሀ" የትም ኮምፒውተር ላይ አንድ ቁጥር ነው፣ የማንም ድርጅት ንብረት አይደለም። ዛሬ ይሄን የምጽፍልዎ ጽሁፍ ለንደንም ዲሲም ሳይበተን የሚነበበው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልገኝ የድሮው ፎንት ነው። ያ ሲዲ ላይ ወይ የድሮው ኮምፒውተር ውስጥ ይኖራል። እሱን ካገኘሁ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ሰንጠረዥ ሰርቼ ወደ ዩኒኮድ የምትገለብጥ ትንሽ ፕሮግራም እጽፍልዎታለሁ። ፕሮግራሟንም እዚሁ በነፃ ፈቃድ እለቃታለሁ፣ ይሄ ችግር የርስዎ እድር ብቻ አይደለም፣ ያኔ የተተየበ የቤተክርስቲያን፣ የቀበሌ፣ የማህበር ሰነድ ስንት አለ።

የእድሩ_ጸሐፊ፦
እግዚአብሔር ያክብርህ ልጄ። ሲዲው የድንኳኑ እቃ ካለበት ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት፣ እሁድ ስብሰባ ስላለን አስፈልገዋለሁ።

ጎፋ_ሰፈር፦
ከረጅም ጊዜ በኋላ ተመለስኩ። እህቴ ቅሬታውን ዲሲ_አካባቢ እንዳለው አስገባች፣ አጭር፣ ቀንና ቁጥር ብቻ። በ19ኛው ቀን ከኩባንያው የሆነች ሴት ራሷ ደወለችላት፣ በጣም በትህትና አነጋገረቻት፣ "እናትሽ ጋ ነው ያለው?" ብላ ጠየቀቻት፣ በሁለተኛው ቀን ተከፍቷል የሚል ኢሜይል መጣ። ያለምንም ገንዘብ። እኔ ስልኩን እንደገና አጥፍቼ ከዋይፋይ ጋር አገናኝቼ ሲሙን ከተትኩ፣ አለፈ! ሴቲንግ ገብቼ ስለ ስልኩ የሚለው ስር አየሁት፣ ካሪየር ሎክ የሚለው ፊት ለፊት "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ይላል፣ የሲም ገደብ የለም ማለት ነው። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላኩላት፣ አለቀሰች።

እማዬ ፊደሉን ትልቁ ላይ አድርጌላት መጀመሪያ የደወለችው ለትንሹ የልጅ ልጇ ነው። ዲሲ_አካባቢ፣ ጠጋኙ፣ ሁላችሁም፣ እማዬ ስማቸውን ንገሪኝ ልመርቃቸው ብላለች፣ የሚጠሩበትን ነገርኳት፣ "ጠጋኙ ማለት ስም ነው?" ብላ መርቃችኋለች። ግን አሁንም እላለሁ፣ ደጅ የሚጠናላት ልጅ ቨርጂኒያ የሌላት እናት ይሄ ስልክ ቢደርሳት ምን ታደርገው ነበር?

ጠጋኙ_መገናኛ፦
አሜን፣ እናታችንን እግዜር ያቆይልሽ። ከውጭ ስልክ ለምትልኩ ሁሉ፣ ስትገዙ "አንሎክድ ነው ወይ"፣ ማለት ያልተቆለፈ ነው ወይ፣ ብላችሁ ጠይቁና ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ከ14 ጀምሮ ያሉት የአሜሪካ አይፎኖች ደሞ የሲም ማስገቢያ የላቸውም፣ ኢሲም፣ ማለት ስልኩ ውስጥ ያለ ዲጂታል ሲም፣ ብቻ ናቸው፣ ለእናት ለአባት ስትገዙ እሱንም አስቡበት።

የእድሩ_ጸሐፊ፦
ሲዲው ተገኘ። መምህሩ ፕሮግራሙን ሰርቶ ላከልኝ፣ ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ከፈትነው። ደንቡ አንቀጽ 1 ተነበበ። የአባሎች ዝርዝር ላይ "ኘ" እና "ኝ" ቦታ ተለዋውጠዋል፣ አራት ነጥብ በሚገባበትም ሌላ ምልክት ይገባል፣ እሱን ለመምህሩ ጽፌለታለሁ። እስኪያስተካክለው እኔ እያነበብኩ ልጄ እያረመች 60ኛው ስም ላይ ደርሰናል። ተራ ቁጥር 14 ላይ አባቴን አገኘሁት።